ፈረስ የሌለው ጊዮርጊስ

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከብስራተ ገብርኤል ወደ ጀሞ ተነሳሁ። ጉዳዬ አንድ ነው፦ እናታችን ለታናሽ እህቴ ለሰናይት የሰጠቻትን የደረት ጌጥ ማምጣት። ቅናት ነው ካላችሁኝ አልክድም።

ጌጡ ከዛጎል የተቀረጸ ነው። እማዬ ልብስ ትሰፋላቸው የነበሩ ግሪካዊት እመቤት አገራቸው ሲገቡ ሰጧት። ሰይፍ የያዘ ጎልማሳ፣ ከባሕር የወጣ ዘንዶ፣ አለት ላይ የታሰረች ቆንጆ ይታዩበታል። እማዬ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው ብላ፣ የሰናይት የክርስትና ስም ወለተ ጊዮርጊስ ስለሆነ ለእሷ ሰጠቻት። እኔ ታላቋ ወለተ ማርያም ነኝና ቆሜ አየሁ። «ፈረሱስ?» ስላት፣ «ከአለቱ ኋላ አስሮት ነው» ትለኛለች።

ሰሞኑን ያንኑ ሥዕል ስልኬ ላይ አገኘሁት፤ የግሪኮች ተረት ነው። ጊዮርጊስ ካልሆነ ደግሞ ጌጡ ለታላቅ ይገባል።

መንገድ ላይ

ብርቱካን ዋጋው አልቀመስ ቢለኝ ሙዝ ገዛሁ። ታክሲው ላፍቶ ላይ ተገተረ። ወያላው «ጠጋ ጠጋ በሉ!» እያለ ደራረበን። አጠገቤ የተቀመጡት እናት የጓሯቸውን ጎመን ለልጃቸው ይዘዋል።

«ሙዙ ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለእህቴ።»

«ተባረኪ፤ እህት እንዲህ ነው።»

አፈርኩ። ግን አልወረድኩም።

ጀሞ

አራተኛ ፎቅ የደረስኩት እያለከለክሁ ነው። ከእማዬ ጋር የምትኖረው ሰናይት ጌጡን ነጠላዋ ላይ ሰክታ በሩን ከፈተችልኝ። በቅናት ድብን አልኩ። ሳልቀመጥ ጀመርኩ።

«እማዬ፣ ይሄ ጊዮርጊስ አይደለም። ጫማው ላይ ክንፍ አለው፣ እይው።»

እማዬ መነጽሯን አደረገች። «ልጅቷስ? ጊዮርጊስ ከዘንዶው ያዳናት ብሩታዊት አይደለችም?»

«አይደለችም። የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት ይላሉ።»

«የእኛ ልጅ!» ሰናይት እልል ልትል ምንም አልቀራት።

«ታዲያ ምን አጥፍታ አሰሯት?» አለች እማዬ።

«እሷ ምንም። እናቷ ልጄን የሚያህል ቆንጆ የለም ብላ ብትኮራ፣ የባሕር ቆነጃጅት ቀንተው...»

የያዝኩትን ሙዝ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሰናይት መርፌውን መንቀል ጀመረች።

«እትዬ፣ ደስ ካለሽ ውሰጂው።»

«ተይው፣ ነጠላሽን ትቀጂዋለሽ» አልኳት።

ቤት

ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀኝ። «ጌጡስ?»

«ጊዮርጊስ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን አላመጣሽውም?»

ከዚህ መንገድ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ ቅናቴን ይዤ ሄጄ ይዤው ተመልሻለሁ። ጫማዬን እያወለቅሁ ግን፣ «እሷ ላይ ነው የሚያምረው» አልኩት። ለራሷ ለሰናይት አንድም ቀን እንዲህ ብያት አላውቅም።