በመደብ የተከፈለችው ጥቁር ዘንግ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ አዲስ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ገዝታ ከኩፐርቲኖ መጣች። ማሸጊያውን ስትቀድደው የእጀታው ቡሽ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ ደረቅ፣ ትንሽ ጣፈጥ ያለ፣ ካፊያ የነካው እንጨት የሚመስል ሽታ። ጥጥ አምጪልኝ አልኳት። የጥፍር ቀለም የምታስለቅቅበትን አመጣችልኝ። ቆንጥሬ፣ ክሩ በሚያልፍባቸው ቀለበቶች ውስጥ አንድ በአንድ አሳለፍኩት። አራተኛው ላይ ያዘ። ነጭ ነገር ተንጠልጥሎ ቀረ።

"መልሺው" አልኳት። "ይሄ ክር ይበጥሳል።"

"ግራንማ፣ ኢትስ ብራንድ ኒው!"

"አዲስም ቢሆን ይበጥሳል።"

ወስዳ ለወጠችው። የጥጡን ነገር ማን እንዳስተማረኝ ስትጠይቀኝ በአጭሩ መለስኩላት። ለእናንተ ግን በደንብ ልንገራችሁ፤ በዚያ ነገር ውስጥ ጥፋተኛዋ እኔ ነበርኩ፣ ጥፋቴንም ሌላ ሰው ከሚያወራው እኔው ብናገረው ይሻላል።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከባለቤቴ ጋር ኦክላንድ እንኖር ነበር፤ እኔ በአውቶቡስ ሳን ሊያንድሮ እየሄድኩ አንድ ሽማግሌ እንከባከባለሁ። ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ዓይናቸው የደከመ ሰው ነበሩ። ሥራዬ ቁርስ መሥራት፣ መድኃኒት ማስዋጥ፣ ልብስ ማጠብ ነው። እሳቸው ግን ቁርሳቸውን ሲጨርሱ ክንዴን ይዘው ወደ ጋራዡ ይወስዱኛል። እዚያ ሰባት ዘንጎች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። እያንዳንዱ ዘንግ መሐሉ ላይ የሚነቀል ነበር፤ እጀታው ለብቻ፣ ጫፉ ለብቻ፣ ሁለቱ ደግሞ በጨርቅ አንድ ላይ ታስረው። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ባስ የሚባለውን ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ናቸው። ባስ አፈ ሰፊ፣ ጎኑ አረንጓዴ፣ ቁጡ ዓሣ ነው።

"እጄ እምቢ ብሎኛል" አሉኝ የመጀመሪያው ቀን። "ያንቺን አበድሪኝ።"

አበደርኳቸው። ጠዋት ጠዋት ጸሐይ በትንሿ መስኮት ገብታ የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ታርፍ ነበር፤ ክሩ የሚጠቀለልበት የሪሉ ዘይት ይሸታል፣ ሪሉን ሳዞረው ቀጭን ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል። ዘንግ በቀለም አይመረጥም ይሉኛል። እጀታውን ይዘሽ ወዝውዢው፣ ከዚያ እጅሽን ቀጥ አድርጊ፤ ጫፉ ቶሎ ዝም ካለ ጥሩ ነው፣ ሲንቀጠቀጥ ከቆየ ግን ተይው። ለባስ ጫፉ ለስለስ፣ ወገቡ ጠንከር ያለ ይሁን። ቀለበቶቹን በጥጥ ፈትሺ። ቡሹን በለብታ ውኃና በሳሙና እጠቢው። ሪሉን ስታስቀምጪው ማጥበቂያው ላልቶ ይደር። መንጠቆውን ጥፍርሽ ላይ ሳብ አድርጊው፤ ካንሸራተተ ደንዟል ማለት ነው። መንጠቆው አጠገብ ያለውን ክር በከንፈርሽ ዳስሺው፣ ከሻከረሽ ክንድ ያህሉን ቆርጠሽ ጣዪ፤ ቋጠሮውን ደግሞ ከማጥበቅሽ በፊት በምራቅሽ አርጥቢው።

"ሰነፍ ሰው ትልቁን ዓሣ ያጣና ዓሣውን ይራገማል" ይሉ ነበር።

እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። የእሳቸውን ትምህርት ግን አንድም ቀን አልቀረሁም። አንዱን ዘንግ ጨርሰን ጨርቁን ሳናስር ሌላው አይነሳም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

በፀደይ ወራት ልጃቸው ከሳን ሆዜ መጥታ እሷ ዘንድ እንደምትወስዳቸው ነገረችኝ። የመጨረሻው ቀን ሽማግሌው ጋራዡ ውስጥ ቆመው፣ "ሁሉንም ውሰጂ" አሉኝ። "ባልሽና ጓደኞቹ በማይረባ ዘንግ ሲቸገሩ ነግረሽኛል። ጥቁሯን ግን አንቺ ያዣት፣ በእጄ የሠራኋት ናት። አንድ ባስ ያዢባትና ይዘሻት ነይ። ተሰቅላ የቆየች ሳትሆን፣ ዓሣ ከብዷት ጎብጣ የመጣች መሆኗን ልስማ።"

ቃል ገባሁላቸው።

ባለቤቴና አምስት ጓደኞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኦክላንድ በላይ ወዳለው ሐይቅ ይሄዱ ነበር። ዘንጎቹን እንካፈል ተባለና እሑድ ከሰዓት በኋላ ከአፓርታማችን ጀርባ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ሰማያዊ ሸራ ዘረጋን።

"ስድስት መደብ" አለ አንደኛው ጓደኛቸው። ታክሲ ነጂ ነው፤ ድምፁ ከመኪናው ጥሩምባ አያንስም።

"ሰባት" አልኩ።

"ሰባተኛው ማነው?"

"እኔ።"

"ባልሽ ደርሶት የለም እንዴ? በአንድ ቤት ሁለት መደብ የት አገር ነው ያየሽው?"

"ያመጣኋቸው እኔ፣ ያጠብኳቸው እኔ። የት አገር እንዳየሁት ምን አገባህ?"

ሁሉም ወደ ባለቤቴ ዞሩ። ባለቤቴ ጫማውን እያየ፣ "እሷ ከሌለችበት የእኔንም አንሱት" አለ። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራችን ብዙ ነገር ተናግሮኛል፤ እንደዚያች ግን የወደድኩለት የለም።

"እሺ ሰባት!" አለ ታክሲ ነጂው። ሸራው ላይ ያሉትን በጣቱ ቆጠረ፣ ስድስት ናቸው። "ግን እሜቴ፣ ሁሉም እዚህ ነው? ወይስ ሻኛው ቤት ቀርቷል?"

ሳቁ። ጥቁሯ መኝታ ቤት፣ በሩ ጀርባ ነበረች። የእኔ ናት፣ ለእኔ ተሰጥታ ነው ማለት እችል ነበር፤ እውነትም ነበር። ነገር ግን ገና አሁን ስለ እኩልነት ጮኻ ምርጡን ደብቃ ተገኘች ሊሉኝ ነው። ገብቼ አመጣኋትና ሸራው ላይ ጣልኳት።

"አሁን ሁሉም አለ። መደቡን የማወጣው እኔ ነኝ። ዕጣ ከወጣ በኋላ ደግሞ ማጉረምረም የለም። ዕጣ ዕጣ ነው።"

ቅርጫ ታውቃላችሁ። አንዱ ሻኛውን ጠቅልሎ ሌላው ጨጓራ ይዞ አይሄድም፤ ከሁሉም ከሁሉም ይነሳል። እኔም እንደዚያ አደረግሁ። ጨርቆቹን ፈታሁ፤ ከጥሩው ዘንግ እጀታ፣ ከመጥፎው ጫፍ፤ ከመጥፎው እጀታ፣ ከጥሩው ጫፍ እያልኩ ሰባት መደብ አወጣሁ። ማንም አልተቃወመም። እንዲያውም አንዱ "እጅሽ ይባረክ፣ ዓይን እንኳ አይለየውም" አለኝ። እያንዳንዱ ምልክቱን ሰጠ፤ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ የሸሚዝ አዝራር፣ እኔ የፀጉር ሽቦዬን። ጎረቤታችን ሜክሲኳዊቷ ዓይኗን ጨፍና በየመደቡ ላይ ጣለችልን።

ከዚያ ዘንጎቹን መግጠም ተጀመረ።

አንዱ ጫፍ አልገባ አለ። አንዱ ገብቶ ይንቀዋለላል። አንዱ ተገጥሞ ገና ሲወዘወዝ ጫፉ ተፈናጥሮ የሰው መኪና ሥር ገባ። መሬት ላይ እስኪወድቁ ሳቁ። "እህቴ፣ ይሄ ዘንግ ነው መጥረጊያ?" አለኝ አንዱ እንባውን እየጠረገ። ከሽማግሌው ጋር አንዱን ሳናስር ሌላውን ስለማናነሳ፣ እኔ የማንኛውም ጫፍ ለማንኛውም እጀታ የሚሆን መስሎኝ ነበር። ለካ እያንዳንዱ ልኩ የራሱ ነው። እነሱም ሰባት ጊዜ አይተው አንድም ሰው ያላሰበው፣ ሁሉም እንደኔ ሥጋ ሲካፈል ያደገ ስለሆነ ነው።

ሌሎቹ እዚያው ተለዋውጠው ገጣጠሙ። ለእኔ የጥቁሯ ጫፍና የአንዲት ቡናማ ዘንግ እጀታ ደርሶኝ ነበር። ለታክሲ ነጂው የጥቁሯ እጀታና የቡናማዋ ጫፍ።

"ጥቁሯን ስጠኝ፣ ቡናማዋን ውሰድ" አልኩት።

"ዕጣ ዕጣ ነው" አለ፣ እጀታዋን ብብቱ ሥር ወትፎ።

የራሴ ቃል ነው።

ማክሰኞ ዕለት የሽማግሌው ልጅ ደወለችልኝ። ከሄዱ ወዲህ እህል እምቢ ብለዋል፣ ጠዋት ጠዋት ዓሣው ተያዘ ወይ ብለው ይጠይቋታል። "ቶሎ ብትመጪ ጥሩ ነው" አለችኝ። ድምፅዋን ሰምቼ የቀረውን ተረዳሁ።

ረቡዕ በሁለት አውቶቡስ ኤርፖርት ሄድኩ። ታክሲ ነጂው ወረፋ ይዞ፣ መቀመጫውን ለጥጦ ጋዜጣ ያነባል። በመስኮቱ ሁሉንም ነገርኩት።

ጋዜጣውን አጠፈ። "ይሄን እሑድ ለምን አልተናገርሽም?"

"ደበቀች እንዳትሉኝ።"

"እንል ነበር" አለ። "ያው ግማሿ የእኔ ናት። እኔም እመጣለሁ።"

"ዕጣው?"

"ዕጣው እንዳለ ነው። ሁለት ባለቤት፣ አንድ ዘንግ።"

ቅዳሜ በማለዳ እሱ፣ ባለቤቴና እኔ ሐይቁ ዳር ደረስን። ጉም ውኃው ላይ ተኝቷል፣ የባሕር ዛፉ ቅጠል ጠል ይጥላል። የመጋጠሚያውን ጫፍ በሻማ አሸሁ፣ ገጠምናት። አሥር ውርወራ እሱ፣ አሥር እኔ፤ ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ።

"ሰባት።"

"ስምንት ነው!"

"አንዱ ቁጥቋጦ ላይ ነው ያረፈው፣ አይቆጠርም።"

"ዳኛም ሆንሽ፣ ተጫዋችም ሆንሽ!"

ከሁለት ሰዓት በኋላ ያዘ፤ በማን ተራ ብትሉ፣ በእሱ። ጥቁሯ እስከ ወገቧ ጎበጠች፣ ክሩ ፉጨት አሰማ፣ ታክሲ ነጂው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አጥቶ አየሁት። ባሷ ወጣች፤ አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ አፏን የከፈተች። ማስመሪያዬን አወጣሁ። ይዞ ለመሄድ ከሚፈቀደው ልክ በግማሽ ጣት አጠረች።

"ጭራዋን ቆንጠጥ አድርገሽ ለኪያት" ብሎ ለመነኝ።

"ቆንጥጫለሁ። መልሳት።"

መለሳት። እየተሳደበ፣ ግን በሁለት እጁ፣ እንደ ሕፃን ይዞ።

ከዚያው በፍሪዌይ ወደ ሳን ሆዜ ወረድን። ባለቤቴ ሥራ ስለነበረው መንገድ ላይ ጣልነው። ሽማግሌው መስኮት አጠገብ፣ አልጋ ላይ ነበሩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግማሽ ሆነዋል። ዘንጓን ገጥሜ እጃቸው ላይ አኖርኩላቸው።

"ያዝሽ?" አሉኝ።

እዚያ ቦታ ላይ አዎ ብል ማንም አይፈርድብኝም ነበር። ግን አልያዝኩም። "የያዘው እሱ ነው" አልኳቸው። "የዘንጓ ግማሽ የእሱ ናት።"

ግማሽ ማለት ምን እንደሆነ ስነግራቸው፣ ሸራውን፣ መደቡን፣ መኪና ሥር የገባውን ጫፍ፣ ደረታቸው ይነቃነቅ ጀመር። ሳቅ መሆኑን ለማወቅ ጠጋ ማለት ነበረብኝ። ከዚያ ወደ ታክሲ ነጂው ዞረው፣ "ንገረኝ" አሉት።

ያ ጥሩምባ ሰው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በዚያች እንግሊዝኛው፣ በእጁም እያገዘ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከጉሙ ጀምሮ ነገራቸው። የት ላይ እንደነካች፣ እንዴት ወደ ጥልቁ እንደዞረች፣ ጥቁሯ እንዴት እንደጎበጠች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው በጣቶቻቸው ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ይነካሉ። የእጃቸው መንቀጥቀጥ ቀስ በቀስ ቆመ። ሲጨርስ አንቀላፍተው ነበር፣ እጀታዋን እንደጨበጡ።

ቆየን። ከሰዓት በኋላው አለፈ። ሲመሽብን ተነሣሁና ዘንጓን ላነሣ ጣታቸውን ቀስ ብዬ ለማላቀቅ ጎንበስ አልኩ።

"ተይላቸው" አለኝ ታክሲ ነጂው ከኋላዬ።

"ግማሿ ያንተ ናት።"

"ተይላቸው አልኩሽ እኮ፣ እህቴ።"

ተውኩላቸው። ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት አረፉ፤ ዘንጓ የት እንደደረሰች ልጃቸውን አልጠየቅኋትም፣ እሱም አልጠየቀም።

የዚያን ዕለት ግን ወደ መኪናው ስንደርስ፣ ታክሲ ነጂው እንደልማዱ ከኋላ ያለውን የዕቃ መጫኛ ትራንክ ከፈተ። የሚገባ ነገር አልነበረንም። ባዶውን ለአፍታ ቆሞ አየው፤ ከዚያ የተኛ ሰው እንዳይነቃበት የሚጠነቀቅ ያህል፣ ሁለት እጁን ጭኖ ቀስ ብሎ ዘጋው።