ቀዩ ቀለም

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ጀርባ ያለው ፎቶ አታሚ ደንበኛውን ቀና ብሎ አያይም። ሰማያዊ ጋውኑን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ ጥፍሮቹ ከቀለም ጠርተው አያውቁም። ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቀለሙን የሚሞክረው የአንዲት ሴት ፎቶ በማተም ነው። ማን እንደሆነች ሲጠይቁት ፎቶዋን ገልብጦ ያስቀምጣል።

ዛሬ ከቁይ ከተማ አንድ ሽማግሌ የሟች ልጃቸውን ፎቶ ሊያሳትሙ መጡ። ለአርባዋ ነው። ፊቷ አረንጓዴ ቅጠል መስሎ ወጣ።

«ምነው ልጄ፣ የኔዋ ጠይም ነበረች እኮ!»

«ስክሪኑ ላይ ጠይም ናት። ቀዩ ቀለም አልቋል።»

«ታዲያ እንዲህ አድርጌ ሰው ፊት ላቁማት?»

«አባባ፣ የሞተ ሰው መልኩ እንዲህ ነው።»

ወረፋ የያዝነው ሁሉ መሬት መሬት አየን። ሽማግሌው ፎቶውን በጋቢያቸው ሸፍነው ወጡ።

አታሚው መሳቢያውን ከፍቶ ያልተነካ ቀይ ቀለም አወጣ፤ ማሽኑን ሞላና የዚያችን የጠዋቷን ሴት ፎቶ አተመ። ጉንጯ ፍም መሰለ። በአውራ ጣቱ ቢዳብሳት ቀለሙ አልደረቀም ነበርና ፊቷ ተጨማለቀ።

የሷንማ እንደገና አተመው።