ሳትሞት ነፍስ ይማር የተባለችው ራይና

የወንድሜ ሚስት ራይና በቁሟ የመታሰቢያ ምንጭ የተሠራላት ሴት ናት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ መንገደኛው ጠጥቶ "ነፍስ ይማር" ሲላት "ምን አስቸኮለህ!" እያለች ትስቃለች።

ስድስት ዓመቴ ነበር። እኛ የባልካን ተራራ ሥር ሰዎች ነን፤ ወንዛችን ሞልቶ ድልድዩን ከነእኔ ይዞት ሄደ። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ራይና፣ ገና የአሥራ ስምንት ዓመት ኮረዳ፣ ከነልብሷ ዘላ ገባች። እኔን ዳር አወጣችኝ፣ እሷን ውሃው ወሰዳት። ሦስት ሳምንት ተፈለገች፤ የለችም። እኛ ዘንድ ለሞተ ሰው መንገድ ዳር የድንጋይ ምንጭ ይሠራል። አባቷ ለአርባዋ ይድረስልኝ ብሎ ግንበኛውን ጌንቾን አጣደፈው።

ጌንቾ ስሟንና የሞተችበትን ዓመት ቀርጾ ድንጋዩን ሲያቆም፣ ራይና እግሯ በጣውላ ታስሮ በበሬ ጋሪ ከች አለች! ለካስ ጎርፉ ታች ካለ መንደር ጥሏት፣ መንገዱ ተቆርጦ ኖሯል። አባቷ ተዝለፍልፎ ወደቀ።

"በይ እንግዲህ፣ እኔ የቀረጽኩትን አልፍቅም!" አላት ጌንቾ።

"ተወው ጋሽ ጌንቾ፣ አንድ ቀን ይጠቅመኛል።"

በዓመቱ ወንድሜ ዳንቾ ላግባት ሲል ግን ሳቁ ቀረ። እናታችን አሻፈረኝ አለች።

"ስሟ የሙታን ድንጋይ ላይ ነው። ያ ድንጋይ ይጠራታል፤ ልጄንም ይዛው ትሄዳለች።"

"እማዬ፣ ዝላትካን ከውሃ ያወጣችልሽ እኮ እሷ ናት!" አለ ዳንቾ ወደ እኔ እየጠቆመ።

"አንዷን አተረፈችልኝ ብዬ ሌላውን ልገብር?"

ዳንቾ እህል አልቀምስ አለ። ያቺ ተረበኛ ራይናም ሊጥ እያቦካች ስታለቅስ አየኋት። ንድድ አለኝ! ሮጬ ቤት ገባሁና ለማንም ያልተናገርኩትን ለእማዬ ዘረገፍኩት።

"በአንድ እጇ የዛፍ ሥር ይዛ ነበር፣ በሌላው እኔን። በአንድ እጅ ወደ ዳር ልትገፋኝ ብትል አቃታት። ሥሩን ለቀቀችው፣ እማዬ። እኔን አልለቀቀችኝም።"

እማዬ የወይኑን የእንጨት ኮዳ ከግድግዳ አወረደች፤ ሽማግሌ ሳትልክ፣ እሁድን ሳትጠብቅ፣ ሽርጧን እንዳገለደመች ዳቦ ቤቱ ገባች። የልጅቷ አባት ከኮዳው ከጠጣ ልጁን ሰጠ ማለት ነው። ሰውዬው እጁን ሲዘረጋ እማዬ አልፋው ኮዳውን ለራይና ያዘችላት።

"አንቺ ጠጪልኝ። የምለምነው አንቺን ነው" ብላ እግሯ ላይ ወደቀች።

ራይና በሊጥ እጇ አቅፋ አነሳቻት፤ ሁለቱም ዱቄት በዱቄት ሆነው፣ እያለቀሱ እየሳቁ፣ ኮዳውን እየተቀባበሉ ጨረሱት።