ያረረ ቁጢ

በደርግ ጊዜ በዕቃ ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ነበርኩ። ከድሬዳዋ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ድሬዳዋ። ሰው «ውጭ አገር ይመላለሳል» ይለኝ ነበር። ውጭ አገር ለእኔ ሙቀት፣ የወገብ ሕመምና ሩዝ ነው። እኔ ደግሞ ያልለመድኩትን አልበላም ካልኩ አልበላም፤ በሻይ እውላለሁ።

አንድ ጊዜ ጅቡቲ ላይ መመለሻችን ሦስት ቀን ዘገየና ጉልበቴ ከዳኝ። ጠዋት ከጣቢያው ጀርባ እየተጎተትኩ ሳልፍ ቁጢ ሸተተኝ፤ የቡና ቅጠል ተቆልቶ በወተትና በጨው የሚፈላው የእኛው ቁጢ። አንዲት ፊቷን በሻሽ የሸፈነች ሴት ከማሽላ ቂጣ ጋር ትሸጣለች። ተቀምጬ ፉት አልኩ። ቅጠሉ አርሯል።

እንዲህ የሚያሳርር ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ ድሬ በአጥር የምትዋሰነኝን ጎረቤቴን። ልጇ አምና ሳትናገር ጠፍታባታለች። ለቀበሌ «ገጠር፣ ዋሂል አክስቷ ዘንድ ናት» ብላለች እንጂ ትኑር ትሙት አታውቅም። ከጅቡቲ በገባሁ ቁጥር «አላየሃትም?» ትለኛለች። «አላየሁም» እላለሁ። እሱም ያደክማል።

«አሳረርሽው» አልኳት ሴትዮዋን።

ሳቀች። «አቦ ጋሼ! እዚህም ድረስ መጥተህ ትነዘንዛለህ?» ሻሿን ገለጥ ስታደርግ ልጅቷ ናት።

ሁለተኛውን ኩባያ ቀድታልኝ እጄን ያዘች። «በማርያም ማልልኝ፤ አየኋት እንዳትላት። እናቴን ታውቃታለህ፣ እልል ብላ ሰፈሩን ትሰበስባለች። ቀበሌዎቹ ‹እህትህ አገር ከድታ ኮበለለች› ብለው ወንድሜን ያስሩታል።»

«እኔ ውሸት አልችልም።»

«አትዋሽ፤ ዝም በል።»

ማልኩ። ሦስት ኩባያ ጠጣሁ። አርሮም እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ድሬ ስገባ እናትየው አጥሩ ላይ ናት። «አላየሃትም?»

«አላየሁም» ማለት አቃተኝ። «ቁጢ ጠጣሁ» አልኳት። «እንዳንቺው የምታሳርር አንዲት አለች። ሰው ይበዛባታል።»

አጥሩን ያዘች። እልልታው መጣ ብዬ ፈራሁ።

«ስንት ጠጣህ?»

«ሦስት ኩባያ።»

«የእኔን ግን አርሯል ብለህ ትደፋለህ» አለች። አጥሩን ለቃ በሯን ከፈተች። «ና ግባ፣ ላፍላልህ።»

«ደክሞኛል፤ ነገ።»

መሐላዬን አፍርሼ እንደሆን ቄሱን አልጠየቅኩም። እሷም ከዚያ ወዲህ «አላየሃትም?» ብላኝ አታውቅም። «ቁጢ ጠጣህ?» ነው የምትለው። «ጠጣሁ» እላለሁ። ስለዚህ ወገቤ ቢቆረጥም፣ እንቅልፍ ቢጥለኝም፣ ከጣቢያው ጀርባ ሄጄ ሳልጠጣ አልመለስም ነበር። ውሸት አልችልማ።