ሦስት ጊዜ የተንኳኳው ግድግዳ

ቀቢዋ ልትፈታው የተነሣችው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ማንም ያላየውን ግፍ የሠራ ሰው በገዛ አፉ እንዲናገር ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው?

ባሏ እሷ የቤት ዕቃ በምትቀባበት የእንጨት ሥራ ቤት የአናጺዎቹ አለቃ ነበር። መሰላል ተሰብሮበት ወድቆ ሞተ። ስብራቱን አገላብጣ ስታየው ግማሹ በመጋዝ ተቆርጧል። ወንበሩን የወረሰው ምክትሉ ነው፤ ለቅሶ ላይ ከሁሉም አብልጦ ያለቀሰውም እሱ።

ቂሟን በሆዷ ቋጥራ ሥራዋን ቀጠለች። ባሏ እንጨት ከመቁረጡ በፊት በጣቱ አንጓ ሦስቴ የማንኳኳት ልማድ ነበረው። አሠራሯን ልብ በሉልኝ! አዲሱ አለቃ ወንበሩ ላይ በተቀመጠ ቁጥር ከግድግዳው ጀርባ ሆና ሦስቴ ታንኳኳለች። በመጀመሪያው ሳምንት ቀና ብሎ ዞር ዞር አለ። በሁለተኛው መጋዙ ከእጁ ወደቀ። በሦስተኛው ምሳ መብላት ተወ።

"አለቃ፣ ምነው ከሳህ? ሹመቱ አልስማማህ አለ እንዴ?" ብሎ አንዱ አናጺ ቀለደበት።

ትናንት ግን ቀቢዋ እጇ ቫርኒሽ በቫርኒሽ ሆኖ ፊት ለፊቱ ቆማ ሳለ፣ ግድግዳው ሦስቴ ተንኳኳ። አለቃው እጆቿ እንዳልተንቀሳቀሱ አየና ላብ አጠመቀው።

"እሱ ነው!" አለ።

"ምን ፈልጎ ይሆን?" አለችው፤ እሷም ያላንኳኳችውን ግድግዳ ዞር ብላ እያየች።

"መጋዙን እኮ እኔ..." ብሎ ቃሉን ዋጠው።

ዛሬ ሠራተኞቹን ሁሉ ጠርታ፣ የተሰበረውን መሰላል አለቃው ፊት አጋድማ፣ ሁለት እጆቿን ሁሉም እንዲያያቸው ዘርግታ ቆማለች። የዋጠውን ቃል ልታስተፋው፣ ግድግዳው ሦስቴ እስኪንኳኳ ትጠብቃለች።