ወረቀቱን «አለ» ያልኩበት ቅዳሜ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ ከአርባ ዓመት በላይ እሳቸው ፊት እየቀረብኩ ትንንሹን እየዘረዘርኩ ትልቁን ዘልዬ ተመልሻለሁ። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልለምናችሁ፤ አንብባችሁ ስትጨርሱ «ዘመኑ ነው» እንዳትሉኝ። ይህን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ጌታነህ ጎረቤቴ ነበር። ልደታ ማርያም ጀርባ፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ግድግዳ ተጋርተን እንኖር ነበር። እሱ አውሮፕላን ጠጋኝ፣ እኔ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ። አንድ የውጭ አገር አስተማሪው ወደ አገሩ ሲመለስ በሬዲዮ የምትበር ትንሽ አውሮፕላን ከነመቆጣጠሪያዋ ትቶለት ሄደ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መካኒሳ ሜዳ ወስደን እናበራት ነበር። ሚስት ያገባን ሰዎች መጫወቻ ተሸክመን ስንወጣ ሰፈሩ ይስቅብናል፤ እኛም አብረን እንስቃለን። ያኔ የሚያስቅ ነገር ብዙ አልነበረም።

የዕቃ ሳጥኗን የማሰናዳው እኔ ነበርኩ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ትርፍ ፕሮፔለር፣ ክንፍ ማሰሪያ ላስቲክ፣ ማስቲሽ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ በሽሮፕ ጠርሙስ የተሞላ ነዳጅ፣ መቅጃ ስሪንጅ፣ እጅ መጥረጊያ ጨርቅ። ከሁሉም ሥር፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ወረቀት። በደርግ ጊዜ አንቴና ያለው ሬዲዮ ይዞ መንገድ ላይ መገኘት ምን እንደሚያመጣ የኖረበት ያውቃል። ጌታነህ የቀበሌውን ሊቀመንበር ሜዳ ድረስ ወስዶ፣ አውሮፕላኗን ፊታቸው አብርሮ፣ ሰውየውን አስቆ ነው «መጫወቻ መሆኑን በዓይናችን አይተናል» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ያገኘው። ብዙም ሳይቆይ ሊቀመንበሩ ከሹመታቸው ተነሥተው ወዴት እንደሄዱ ሳይታወቅ ጠፉ። ግልባጭ አልቀረም። ያለችን ያቺ ወረቀት ብቻ ነበረች።

ጌታነህ ከሥራው ያመጣው ደንብ ነበረው። ቅዳሜ ከሰዓት እሱ ዝርዝሩን ያነባል፤ እኔ እያንዳንዱን ዕቃ በእጄ እየነካሁ «አለ» እላለሁ። ሳይነኩ «አለ» ማለት ነውር ነው። ሁሉም ከተባለ በኋላ ሳጥኗ ትዘጋለች፤ እሱ ከፍቶ አያይም። ባልደረባው «አለ» ያለውን ከፍቶ የሚያይ ሰው ባልደረባውን ሰድቧል ይል ነበር።

አንድ እሁድ የካንዴላ መፍቻው ሳጥኗ ውስጥ አልተገኘም። ሳልነካ «አለ» ብዬ ነበር። ሞተሩ እምቢ አለ፤ ሳናበር ልንመለስ ሆነ። ለማየት የተሰበሰበ ሰው ነበረ። ጌታነህ እየሳቀ፣ ንብረት ክፍል እንዲህ ከሆነማ መሥሪያ ቤቱ ቆሟል በለኛ አለኝ። ሰው ሳቀ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚህች ቀልድ ነው አንድ ሰው የሸጥኩት። ያውም እውነቱን ነበር፤ ረስቼ ነበር!

ሳምንቱን ሙሉ አብሰለሰልኩት። ቅዳሜ ሲደርስ ወረቀቱን አውጥቼ ኮቴ ኪስ ከተትኩ፤ ፕላስቲኩን እንደነበረ አጥፌ መለስኩት። ጌታነህ አነበበ። ካቻቢቴ፤ አለ። ፒንሳ፤ አለ። መጨረሻ ላይ «ወረቀት» አለ። እኔ ባዶውን ፕላስቲክ በሁለት ጣቴ ነክቼ፣ ዓይኑን እያየሁ፣ «አለ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም ግንባሬ ላይ ሽጉጥ አልደገነም። ሰንጋ ተራ ለቅሶ አለብኝ ብዬ እሁድ ሳልሄድ ቀረሁ፤ ለቅሶም አልነበረብኝም። የፈለግኩት መንገድ ላይ የሚፈትሹት አብዮት ጥበቃዎች ወረቀት ሲጠይቁት እንዲደነግጥ፣ አፍሮ እንዲመለስ፣ ያለ እኔ፣ ያለ ደምሴ፣ እንደማይሆንለት እንዲያውቅ ነበር። ጥበቃዎች ከነሬዲዮው የያዙትን ሰው ዝም ብለው ይመልሳሉ ብዬ አስቤ ነው? አላሰብኩም። ላስብ አልፈለግኩም።

ከሰዓት በኋላ ሚስቱ አስካለ ነጠላዋ መሬት እየጎተተ በሬ ላይ ቆመች። ይዘውታል፤ ሬዲዮውን ለማን መልእክት እንደሚያስተላልፍበት እየጠየቁት ነው አለችኝ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ወረቀቱን አስገብተኸው ነበር?»

ወረቀቱ ደረቴ ላይ ነበር። ኮቱን እንደለበስኩ ነበርኩ። አውጥቼ ብሰጣት በሩጫ ታደርሰው ነበር።

«አስገብቻለሁ» አልኳት።

ለምን? እስካሁን የት ነበር ቢሉኝስ ብዬ ፈራሁ። ይህ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ፣ የሚያስጠላኝ ግማሽ፣ እሷ ፊት ላለማፈር ነበር። ማግስቱን ልወስደው አሰብኩ፤ ማግስቱን ይበልጥ ፈራሁ። ሳምንት ሲያልፍ ወረቀቱ እኔንም የሚያስይዝ ሆነ። ኮሮጆ ሙሉ ሰበብ ነበረኝ። እሷ ስንቅ ይዛ ስትመላለስ እኔ ከኋላዋ ሳህኑን ተሸክሜላት እሄድ ነበር። አዎ፣ ሳህኑን! ሰፈሩ ምን ያለ ወዳጅ አለው አለ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ምስጋናውን ዋጥኩ።

በአሥራ አራተኛው ወር ተለቀቀ። ውስጥ እግሩን ገርፈውት በተረከዙ አይረግጥም ነበር። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ካቻቢቴ አይዝለትም። ሥራው ሄደ፤ አውሮፕላኗም ሄደች። አንድ ረፋድ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አስጠራኝና አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«ይቅር በለኝ፣ ደምሴ። በዚያ ቀልድ አስቀይሜሃለሁ። ወረቀቷንም እኔው ነኝ የጣልኳት፣ ሳጥኗን ስከፍት ነፋስ ወስዷት ይሆናል። አንተማ አለ ብለኸኝ ነበር።»

አሥራ አራት ወር ሙሉ ራሱን ሲወቅስ ነበር የከረመው። እየተገረፈም እኔን አልጠረጠረኝም። አሁን ንገረው፣ አሁን፣ አልኩት ለራሴ። አፌን ከፈትኩ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።

ሰማችሁ? እኔ፣ ይቅር ያልኩት እኔ ነኝ። እሱም ጉልበቴን ስሞ አመሰገነኝ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ኖርን፤ በስተመጨረሻ ሬሳውንም ተሸክሜያለሁ።

ዘመኑ ነው አትበሉኝ። ገራፊዎቹ የራሳቸው ዕዳ አለባቸው፤ ሳጥኗን ግን ደርግ አላሰናዳትም። እኔ ነኝ ያሰናዳኋት። በእጄ ነክቼ «አለ» ያልኩት እኔ ነኝ።

አስካለ አሁንም በሕይወት አለች። የፊታችን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ደብቄ ያቆየሁትን ወረቀት ይዤ እሄዳለሁ። ይቅር በይኝ አልላትም፤ ደግ ናትና ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ተቀብዬ እመለሳለሁ። ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ፣ ያን ቀን ለጠየቀችኝ ጥያቄ ብቻ እመልስላታለሁ፦ አላስገባሁትም። ኪሴ ውስጥ ነበር፤ በሬ ላይ ቆመሽ ስትጠይቂኝም ኪሴ ውስጥ ነበር።