ለፈጣኑ መኪና የታዘዘ ጨው

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ጋምቤላ ሒሳብ ሳስተምር፣ በከተማው ለእሽቅድምድም የሚወጡ መኪኖች ሦስት ብቻ ነበሩ። አንዱ እንግሊዞች ሲወጡ ጥለውት የሄዱት አሮጌ የጭነት መኪና ሲሆን ባለቤቱ ጨው ነጋዴው ሀጂ ናቸው። ሁለተኛው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ትንሽ ቮልስዋገን ነው። ሦስተኛው አንድ ሹም ከአዲስ አበባ ያስመጡት፣ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ገና ያልተላጠ ላንድሮቨር ነበር።

በበጋ፣ ባሮ ሲጎድል፣ እሁድ እሁድ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ይሽቀዳደማሉ። ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ላንድሮቨሩ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልካች ጠፋ። ሹሙ ማሸነፉን ባይጠሉትም የጭብጨባው መቅረት ከነከናቸውና አስጠሩኝ።

«መምህር፣ ቁጥር ታውቃለህ አሉ። እስቲ ውድድሩን አመጣጥንልን።»

ሦስት ቀን ሙሉ ስደምር ስቀንስ ከረምኩ። የሞተሮቹን ጉልበትና የመኪኖቹን ክብደት ባለቤቶቹን ጠየቅኩ፤ የአሮጌውን ግን ማንም ስለማያውቅ ገመትኩ። በመጨረሻ የጭነት መኪናው የኋላ ሳንቃዎች እንዲወልቁለት፣ ቮልስዋገኑ እንዳለ እንዲሮጥ፣ ላንድሮቨሩ ስድስት ጆንያ ጨው እንዲሸከም ፈረድኩ።

ጆንያዎቹ ሜዳው ላይ ሲወርዱ ያዩ አንድ የአኙዋ ሽማግሌ ወደ እኔ ቀረቡ።

«ፈጣኑ ምን አጠፋ?» አሉኝ። «እኛ በታንኳ ስንሽቀዳደም ለሚቀድመው ድንጋይ አንጭንም።»

ስለ ፍትሕ ረዘም አድርጌ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰምተው «እሺ» አሉና ወደ ጥላው ሄዱ።

ሹሙ ግን ጆንያዎቹን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። «ጨው ብረት ይበላል። በጨው ፈንታ ሰው ጫን!»

ይህ እንደተሰማ የመሥሪያ ቤታቸው ጸሐፊዎች ወደ ላንድሮቨሩ ተንጋጉ። የምፈልገው ስምንት ሰው ነበር፤ የገባው አሥራ አንድ ነው። ሰው ሸክም ለመሆን እንደዚያ ሲጋፋ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

ውድድሩ ተጀመረ። ቮልስዋገኑ ገና ከመነሳቱ የመሬት ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ላንድሮቨሩ እያቃሰተ ይጓዛል። የሀጂ አሮጌ መኪና እየተንኳኳ ቀደመ! ሕዝቡ አበደ፤ እኔም ስሌቴ ሲሠራ አይቼ ባርኔጣዬን ወረወርኩ። መጨረሻው መስመር ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አሮጌው መኪና ቀስ አለ፤ ከዚያ ጭራሽ ቆመ። ላንድሮቨሩ በአጠገቡ አልፎ ገባ።

ሮጬ ደረስኩ። «ሀጂ፣ ምን ሆኑ?»

«ፍሬኑ ያዘብኝ» አሉ ወደ ፊት እያዩ።

ያ መኪና ፍሬን እንደሌለው ከተማው ሁሉ ያውቃል። ትክ ብዬ ስመለከታቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፦ «የንግድ ፈቃዴን የሚያድሱት እኮ እሳቸው ናቸው፣ መምህር።»

ሹሙ ወርደው፣ አሥራ አንዱ ሸክም እያጨበጨበላቸው፣ ትከሻዬን ያዙ። «ሒሳብህ ልክ ነው! ለጥቂት ተሸንፌ ነበር እኮ!»

እጅ ነሣሁ። የደመወዝ ጭማሪ ማመልከቻዬም እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነበር። በማግስቱ ስሌቱን ከላይ እስከ ታች መረመርኩት፤ አንድም ስህተት አላገኘሁበትም። ቋሚ ዳኛ አድርገው ሾሙኝና እስክዛወር ድረስ በየእሁዱ ስመዝን ኖርኩ።